ለአባቴ ባሕር ጠራጊ ስንፈልግ

አባቴ ዕድሜውን የገፋው በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ነው። ልቡን ካመመው ወዲህ ሐኪሙ ቆላ መውረድ ከለከለውና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔ ቤት ተቀመጠ። ጠዋት የሚያስነሳው ነገር ጠፋ። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ለበሽታውስ መድኃኒት አለው፤ ሥራ የለመደ ሰው ግድግዳ ሲያይ ሲውል ግን በምን ይታከማል?

ስለዚህ መስታወት ቤት ሄጄ ትንሽ የዓሣ ገንዳ አሠራሁለት። ከጅቡቲ የባሕር ውሃና አሸዋ፣ ኋላም ሁለት ትናንሽ ዓሦች ያመጣልን ድሮ የአባቴ ረዳት የነበረ፣ አሁን እሱም ፀጉሩ የሸበተ ሾፌር ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት በሚያራግፍበት ቀን እኔ እዚያው ከምሠራበት ፋብሪካ ስወጣ ጀሪካኖቹን እቀበለዋለሁ። የደሴ ብርድ መቼም የታወቀ ነው። መብራት ሲጠፋ የገንዳው ማሞቂያ ይቆማል፤ ያኔ አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ገንዳውን ያለብሰዋል፤ እሱ በሹራብ ይንቀጠቀጣል። ስቆጣው፣ "እኔ ደገኛ ነኝ፤ እነሱ የቆላ እንግዶች ናቸው" ይለኛል።

ብዙም ሳይቆይ አሸዋው ቡናማ ነገር ለበሰ። የዓሦቹ የምግብ ትርፍራፊም ከሥር ይበሰብስ ጀመር። አሸዋ የሚያጸዳ እንስሳ ያስፈልገን ነበርና ስልኬ ላይ እያነበብኩ አማረጥን። ኪያር የሚመስል፣ አሸዋ እየዋጠ አጽድቶ የሚያስወጣ አንድ ፍጥረት አለ፤ ከሞተ ግን ውሃውን ይመርዛል ተባለ። "ይቅርብን" አለ አባቴ። ሸርጣንም ዓሦቹን ይተነኩሳል ብለን ተውነው። እኔ የመረጥኩት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር፣ ምግብ ሲሸተው ብቻ ብቅ የሚል ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። ትርፍራፊ ይበላል፣ አሸዋ ያገላብጣል፣ ሰፊ ቦታ አይጠይቅም።

አባቴ ተቆጣ። "ቀንድ አውጣ? ክረምት በመጣ ቁጥር የጓሮ ጎመናችንን ሙልጭ የሚያደርገው እሱ አይደል? ከጅቡቲ ድረስ እሱን ላስመጣ?"

የሱ ምኞት የባሕር ኮከብ ነበር። በጎልማሳነቱ ጭነት ሲጠብቅ ባሕሩ ዳር አይቶታል። "ወላሂ፣ ሲሄድ እግሩ አይታይም!" ይላል፣ ዓይኑ እየበራ። ኮከቡ የሚኖረው አሸዋ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ ነፍሳት እየበላ እንደሆነ፣ ትንሽ ገንዳ ውስጥ እነሱ ሲያልቁ በረሃብ እንደሚሞት ነገርኩት።

"ሪዝቁን፣ ሲሳዩን፣ የምትሰጪው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

ለሾፌሩ ደወልኩና ቀንድ አውጣዎቹን ብቻ እንዲያመጣ ነገርኩት። አባቴ ግን ከጀርባዬ ደውሎለት ኖሮ፣ ሰውየው ቀንድ አውጣውንም ኮከቡንም ይዞ ራሱ ቤት ድረስ መጣ። መሪ መጨበጥ ላስተማረው ሰው ያመጣውን ስጦታ በር ላይ መልሰህ ውሰድ ማለት እኛ ዘንድ የማይታሰብ ነው። ደግሞም የአባቴን ፊት አየሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም።

ኮከቡ ሥራውን ያውቅበታል። አሸዋው ነጣ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ወደ ገንዳው ስቦ ኮከቡ በየት በኩል እንደተቀበረ ይፈልጋል፤ ጎረቤት እየጠራ ያሳያል፤ እነሱም "ማሻ አላህ" ይላሉ። እኔን ግን ያ ንጣት አላማረኝም። ወራት አልፈው ኮከቡ መቀበሩን ተወ፤ የክንዶቹ ጫፍ ሳሳ። የዓሣ ሥጋ ቁራጭ ከሥሩ ባስቀምጥለትም አልነካም አለ። ለአባቴ ማን ይንገረው? ጠዋት የሚያስነሳውን ነገር በገዛ አፌ ልነጥቀው አቃተኝ።

አንድ ቅዳሜ ራሱ ጠራኝ።

"አሸዋው የነጣው ጸድቶ ብቻ አይደለም" አለ፣ ከገንዳው ዓይኑን ሳያነሳ። "የሚበላው አልቆ ነው። ርቦታል።"

ሾፌሩ ጋ የደወለውም እሱ ነው። ሰውየው ሲመጣ ቅሬታውን አልደበቀም።

"ጋሼ፣ ያመጣሁልዎትን ይመልሱብኛል? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም፤ አስደስተኸኛል። ካነሳህበት መልሰው።"

"ባሕሩ እንዳይናፍቅዎት ብዬ እኮ ነው።"

አባቴ ኮከቡን በሁለት እጁ ከነውሃው በሳህን አውጥቶ ባልዲ ውስጥ አስገባው። ክዳኑን ለሾፌሩ አቀበለው።

"እኔን ሐኪም ከለከለኝ" አለው። "እሱን ማን ከለከለው?"

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ትከሻ ሳመና ባልዲውን አቅፎ ወጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ዳግመኛ ባሕሩ ጋ እንደማይደርስ ሲናገር ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።