ባጃጁ ውጭ ይደር

ጎመኔ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ! ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ ይሄን ስሙኝ።

ጓሮዬን ያለ መድኃኒት አለማለሁ ብዬ ከተነሳሁ ወዲህ ኮምቦልቻ ሰፈራችን ውስጥ መሣቂያ ሆኜ ነበር። ትሉ ጎመኑን ወንፊት ሲያደርገው ባለቤቴ ሰይድ፣ "ሁለት ጁምዓ ሰጥቼሻለሁ፤ ካልዳነ ነቅዬ ባጃጄን አቆምበታለሁ" አለኝ።

ጨንቆኝ ኩታበር ላሉት አክስቴ ደወልኩ። "ልጄ፣ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ውሃ ውስጥ አሳድሪና እርጪው፤ አመድም ነስንሺበት" አሉኝ። ስለ ንፋሱ ግን ምንም አላሉኝም፤ ግማሹን ዓይኔ ጠጣው።

ዛሬ ሁለተኛው ጁምዓ ነው። ሰይድ ከሶላት መልስ ዶማውን ይዞ ጓሮ ገባ። ተከተልኩት። አዲሱን ቅጠል እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ለጋ ቀጥፎ በጥሬው በላው። ትንሽ አሳለው፤ ሚጥሚጣው መሰለኝ።

"ይሄማ የልጅነታችን ጎመን ነው" አለ።

"ባጃጁስ?"

"ውጭ ይደር። ወላሂ፣ እሱን ትል አይበላውም።"

እናንተስ ትልን በምን ታባርራላችሁ? ጻፉልኝ። የደሴ ዘመዶቼም፣ ሰበብ አልሰማም፤ የጎመኑ ምሳ እሁድ እኛ ቤት ነው።