ሰባት ቤት ልቆጥር ሄጄ

ይህ የሆነው የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ክረምት፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። ዘንድሮ አስር ዓመት ሞላው። ሰው ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ይላል። እኔን አላስረሳኝም። እንዲያውም ዛሬ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ያኔ ከተናደድኩት በላይ እየተናደድኩ ነው።

ስለ ራሴ ላስቀድም። የተወለድኩት ጅቡቲ ነው። እናቴ አበበች በአንድ የፈረንሳዮች ቤት እዚያው እያደረች የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አባቴን አላውቀውም፤ ሳልወለድ ሞተ ነው የተባልኩት። እናቴም በአምስት ዓመቴ በሳንባ በሽታ ሞተች።

ያሳደገችኝ አዴ ፋጡማ ናት። ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ጨርቅ የምትነግድ የድሬዳዋ ሴት ናት፤ አዴ የምላት እንደ አገሯ ልማድ እናቴ ማለቴ ነው። ሙስሊም ናት። ማተቤን ግን አላስበጠሰችኝም። "የሟች አደራ ነው" እያለች በየበዓሉ ነጠላ አልብሳ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ታደርሰኝና፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ጥላ ፈልጋ ትጠብቀኝ ነበር።

ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ከዳንኤል ጋር ልንጋባ ወሰንን። ዳንኤል ወደብ ላይ የትራንዚት ሥራ ይሠራል፤ የነጋዴ ዕቃ ያስለቅቃል። ሁለት ዓመት ተዋውቀን ቆይተናል፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ክፉ ቃሉን ሁሉ እናቱ ወስዳበት ነው መሰለኝ።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ፣ በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ የተከበረች ሴት ናት። ዳንኤል መጀመሪያ ቤቷ የወሰደኝ ዕለት ደህና አድርጋ ነበር የተቀበለችኝ። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ምነው አፈርሽ?" እያለች ታጎርሰኝ ነበር። መሀል ላይ የእናቴን ስም ጠየቀችኝ። "አበበች ወልዴ" አልኳት። የት ትሠራ እንደነበርም ነገርኳት። ወይዘሮ ዘነበች ተነሳች፤ ራሴን አመመኝ ብላ ጓዳ ገባች። እስክንወጣ ድረስ ብቅ አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላት ሆነችኝ። "የፈረንጅ ገረድ ልጅ ለልጄ አትሆንም" ስትል ያልሰማ ሐበሻ በከተማው የለም። ይሄ ይሁን፤ ገረድነት ነውር አይደለም፣ እናቴ ሠርታ ነው የበላችው። አንድ ቀን ግን ቡላኦስ ገበያ መሀል ተገናኘንና ሰው እየሰማ፣ "እናትሽ እንኳ አባትሽን አታውቀውም" አለችኝ። የሞተች እናቴን! መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። በራሴ አፈርኩ።

የዳንኤል አጎት በመሀል ገብተው፣ "ኧረ ሽማግሌ እንላክ፣ ልጆቹ ተዋደዋል" ብለው ለመኗት። ያለቻቸውን ዳንኤል እያፈረ ነገረኝ። "ሰባት ቤቷን ትቁጠርና እልካለሁ። ሁለት ቤት ከቆጠረች ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!" ብላቸዋለች።

ሰባት ቤት መቁጠር ወጉ ነው፤ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው፤ አልቃወምም። እሷ ግን የፈለገችው ማጣራት ሳይሆን እኔን ማዋረድ ነበር። ቆሽቴ አረረ። ለአዴ ፋጡማ ስነግራት እንደ ልማዷ ረጋ ብላ አሰበች።

"እናንተ ሕፃን ስታጠምቁ ትጽፉ የለ? ወላሂ፣ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስጠምቃሻለች፤ ራሷ ነግራኛለች። የአባትሽ ስም እዚያ አይጠፋም" አለችኝ።

እውነቷን ነው። በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የዳንኤልን እናት በአባቴ ስም አፏን ላስይዛት፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መዝገብ ያዡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ገና ሲያዩኝ ፊታቸውን አጠቆሩ። የድሮው መዝገብ ያለበት ሳጥን ቁልፍ የለም አሉኝ። ሁለተኛ ቀን ስሄድ ቁልፉ ተገኝቷል፤ "የክርስትና ስምሽ ማነው?" አሉኝ። አላውቀውም አልኩ። ጥምቀቴን የምታውቅ እናቴ በሕፃንነቴ ሞታብኝ፣ ሙስሊም ቤት ያደግኩ ሰው ከየት አምጥቼ ልወቀው?

"የክርስትና ስሟን የማታውቅ ክርስቲያን ዛሬ ገና አየሁ። በምን ልፈልግሽ ታዲያ? በመልክሽ?" አሉኝና መዝገቡን ሳይገልጡ ተነሱ።

በሦስተኛው ቀን የአባት ስም ቦታው ባዶ የሆነውን የልደት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩና ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩበት። "ካልተፈለገልኝ አልነሳም" አልኩ። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፤ ክፍሏ ውስጥ ቬንቲላተር የሚሏት አንዲት የተሰበረች ማራገቢያ አለች። ጥቂት አጉረመረሙና "ተነሺ፣ ነውር ነው፣ ቅዱስ ነገር ላይ አይቀመጡም" ብለው ሳጥኑን ከፈቱት።

መዛግብቱ ሦስት ነበሩ። ምስጥ የበላቸው፣ ከባሕሩ እርጥበት የተነሳ ገጻቸው እርስ በርሱ የተጣበቀ። የልደት ወረቀቴ በፈረንጆቹ መጋቢት መጀመሪያ ይላል። እኔም ዓመተ ምህረቱን ወደ እኛ መልሼ መጋቢትን ገለጥኩ። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የለሁም። ሚያዝያንም አየሁ። የለሁም። ወይዘሮ ዘነበች ስትስቅብኝ ታየችኝ።

መሪጌታ በመነጽራቸው አናት አዩኝና ሳቁብኝ። "አንቺ የተጠመቅሽው በተወለድሽ ዕለት ነው? ሴት በስንት ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው?"

"በሰማንያ" አልኩ። የማውቀውን ነገር ንዴት አስረስቶኝ ነበር።

በጣታቸው እየቆጠሩ ሰማንያ ቀን ጨመሩበት። ግንቦት አጋማሽ ላይ ደረሱ። ገጹን በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብለው አላቀቁትና እኔ ሳልደርስበት እሳቸው አገኙት። ጮክ ብለው አነበቡልኝ። የዓለም ስም መሠረት። የክርስትና ስም ወለተ ሐና። የእናት ስም አበበች ወልዴ። የአባት ስም ተፈራ በዛብህ፣ ምድር ባቡር ሠራተኛ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አባት አለኝ! አያት አለኝ! ሁለት ቤት! ከዚያች ሴት ምላስ ፀጉሩን በገዛ እጄ ልነቅለው ነው።

መሪጌታ ግን ማንበባቸውን አልጨረሱም ነበር። "የክርስትና እናት፣ ዘነበች ካሳሁን" አሉ። ከስሙ አጠገብ በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ አለ።

"ዘነበች ካሳሁንማ እዚሁ አለች፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ክርስትና እናትሽ እያለች እኔን ለምን ታደክሚያለሽ?" አሉኝ።

"ሌላ ዘነበች ካሳሁን ትኖራለች" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

"በዚህ አጥቢያ ሌላ የለችም። ምነው?"

"የማገባው ልጅ እናት ናት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ አላውቅም። "ልጄ፣ እንግዲያው ወንድምሽ ነው" አሉኝ።

ለማያውቅ ልንገር። ክርስትና እናት እንደ ወላጅ እናት ናት፤ የእሷ ልጅ እንደ ሥጋ ወንድም ነው። ጋብቻ የለም። ሰባት ቤት ለመቁጠር ሄጄ ገና በራሴ መስመር ላይ አለቀልኝ።

ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ካርቲዬ ስድስት ወይዘሮ ዘነበች ቤት ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር በርበሬ ትቀነጥሳለች።

"ክርስትና ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ!" አልኳት። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምላት። አንቱታውን ያኔ ጣልኩት፤ እዚህም እሷ እያልኩ የምጽፈው ለዚያ ነው።

"ምን ትያለሽ አንቺ? ምን ይዞሽ መጣ?" አለች። ጎረቤቶቿን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ገበያ መሀል እናቴን ስትሰድቢ ሰው አልሰማም? አሻራሽን አይቼው መጣሁ!"

ጎረቤቶቿ ቀስ ብለው ወጡ። እሷ በርበሬውን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ ነገረችኝ። ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ለፈረንሳዮች ይሠሩ ነበር፤ የልብ ጓደኞች ነበሩ። እሷ ባል አገባችና ከገረድነት ወጣች። እናቴ ታመመች ሲሏት የሳንባ በሽታ መሆኑን ሰማች፤ ለልጇ ፈራችና ሳትጠይቃት ቀረች። እናቴ ሁለት ጊዜ ልካባታለች። አልሄደችም። ቀብሯም ላይ አልቆመችም። እኔን ሙስሊም ቤት እንደወሰዱኝ ሲነግሯት፣ "እፎይ አልኩ፤ ምን ልደብቅሽ" አለችኝ። በራሷ አፍ።

"ታዲያ ዳንኤል ቤትሽ ይዞኝ የመጣ ዕለት ለምን አልተናገርሽም?"

"ብናገር ልጄ ምን ይለኛል? አደራ በላ ሊለኝ ነው? ስድቡ ሲበዛብሽ ትተሽው የምትሄጂ መስሎኝ ነው።"

እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የተቆረጠው። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ያን ዕለት ጓዳ ጠርታ "ልጄ፣ ያቺ ክርስትና እናትሽ እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ" ብትለኝ፣ አልቅሼ አቅፌያት፣ ዳንኤልንም ወንድሜ ብዬው በቀረሁ። እሷ ግን የራሷን ኃጢአት ላለመናገር የሞተችዋን እናቴን አረከሰች። እናቴ አባቴን ታውቀው እንደነበር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ስሙ ሲጻፍ አጠገቡ አሻራዋን አኑራለች እኮ።

ዳንኤል ሁሉንም ሲሰማ አዴ ፋጡማ ጨርቅ ሱቅ ድረስ መጣልኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "ማዘጋጃ ሄደን እንፈራረም፤ ማን ይከለክለናል?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ለአዴ ፋጡማ ነገርኳት። እሷ ምን አገባት፤ በእሷ ሃይማኖት ይሄ ሕግ የለም፣ ትደግፈኛለች ብዬ ነበር።

"የእናንተ ሃይማኖት ምን ይላል?" አለችኝ።

"አይሆንም ይላል።"

"እንግዲያው አይሆንም። እናትሽ በሃይማኖቴ አሳድጊልኝ ብላ እጄን ይዛ ነው የሞተችው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ ዛሬ በአንድ ወረቀት አላስፈርሰውም" አለችና ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለዳንኤል እምቢ ያልኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ዳንኤል ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ወደ አዲስ አበባ አዛወረ፤ እዚያው አገባ። አልወቅሰውም። ሲደውል እህቴ ይለኛል። ስልኩን ስዘጋ ዛሬም ደረቴን ይወጋኛል።

እኔ አላገባሁም። አሁን ዋራበሌ የሚባል ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ነው የምኖረው።

ወይዘሮ ዘነበች አርጅታለች። የነፍስ አባቷ ያቺን ልጅ ይቅርታ ሳትጠይቂ አትቁረቢ ብለዋታል አሉ። ሽማግሌ ላከችብኝ፤ ያኔ ለጋብቻ አልክም ያለችውን ሽማግሌ! አንዴ አይደለም፣ ሦስት ዓመት ተከታትላ ላከች። "ለፋሲካ አክፋይ ይዘሽልኝ ነዪ፤ እንደ እናትና ልጅ እንታረቅ" ትላለች። አክፋይ የክርስትና ልጅ ለክርስትና እናቱ በሕማማቱ ማብቂያ የሚወስደው ስጦታ ነው። ሽማግሌዎቹ ይቅር በያት ይሉኛል። ክርስቲያን አይደለሽም ወይ ይሉኛል። ክፉ ነሽ ያሉኝም አሉ። ይበሉ። አፌ እሺ ቢላቸው ልቤ አይልም፤ በሐሰት የታረቀ ደግሞ ከተጣላ ይብሳል።

አክፋዩን ግን በየዓመቱ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትልቅ ዳቦ ደፍቼ፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ወርጄ ለአዴ ፋጡማ አደርሳለሁ። "እኔ ምኑ ነኝ፣ አንቺ ልጅ?" እያለች ትስቅና ትቆርሰዋለች። ወደ አዴ ፋጡማ ቤት የሚወስድ አጭር መንገድ አለ። በዚያ አልሄድም። በካርቲዬ ስድስት ዞሬ፣ ዳቦውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ወይዘሮ ዘነበች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነው የማልፈው።