የትምወርቅ ያልበተነችው ሥልጣን

የትምወርቅ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የገበሬው መሬት የተመዘገበባቸውን ኮምፒውተሮች ትጠብቅ ነበር። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው አካውንት አንድ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ ናት። መዝገብ ያዡ እኔም ሆንኩ ኃላፊያችን በፍቃዱ ያለ እሷ ፕሮግራም መጫን አንችልም ነበር።

በፍቃዱ ይህን እንደ ውርደት ቆጠረው።

«ደመወዝሽን የምፈርመው ሰውዬ አንቺን ፈቃድ ልለምን?» አላት በሁላችን ፊት።

«ሲፈልጉ ይጥሩኝ፣ እጭንልዎታለሁ። ሥልጣኑን ለሁሉ ከበተንነው ግን ፋይል ሲጠፋ ማን እንዳጠፋው አናውቅም።»

«አይ ምላስ!»

ብዙም ሳይቆይ የትምወርቅ ታማ ሞተች። ሣልስቷ እንኳ ሳይወጣ በፍቃዱ ድንኳኑ ውስጥ ከእናቷ ከእትዬ ንግሥቴ አጠገብ ተቀመጠና፣ «እማማ፣ የይለፍ ቃሉን ነግራዎት ይሆን?» አለ።

«አንተ፣ የመጣኸው ልቅሶ ነው ቢሮ? ውጣልኝ!»

ወጣ። በሳምንቱ ከደሴ ባለሙያ አስመጥቶ ለሁላችንም የአስተዳዳሪነቱን ሥልጣን አሰጠን። የትምወርቅ ስንት ዓመት የጠበቀችው በአንድ ከሰዓት ፈረሰ። እሱ መጀመሪያ የጫነው የካርታ ጨዋታ ነው፤ የገበሬው ይዞታ ያለውም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።