የታንከሩ አራተኛ እግር

ተማሪዎቹ «ኦክሳይድ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱን ትምህርት በአንድ ዓይነት ወኔ ያስተማረ የሳይንስ መምህር ነው። መጀመሪያ ወረቀት ይቀድና፣ ይህ አካላዊ ለውጥ ነው፣ ቅርጹ እንጂ ወረቀትነቱ አልተለወጠም ይላል። ቀጥሎ የዛገ ሚስማር ያነሳል። ይህኛው ግን ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ብረቱ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር ሆኗል፣ ተመልሶ ብረት አይሆንም። እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ጎርነን ያደርጋል።

የዚህ ሊቅ ጓሮ ውስጥ፣ ልክ ከማድ ቤቱ ጣሪያ በላይ፣ በአራት የብረት እግሮች የቆመ የውሃ ታንከር አለ። ታንከሩ ያንጠባጥባል፤ ጠብታውም በአራተኛው እግር ላይ ይወርዳል። እግሩ ቡናማ ማልቀስ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ በያጅ እንጥራ ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዝናብ ሊገባ ሲል ግን በየዓመቱ አረንጓዴ ቀለም ገዝቶ በዝገቱ ላይ ይለቀልቃል። መፋቁን የጉልበት ሠራተኛ ሥራ ነው ብሎ ይንቀዋል። እውነቱን ለመናገር ከቀለሙ ሥር ያለውን ማየት ይፈራ ነበር።

ዘንድሮ ሚስትየው ታንከር ሥር ቆሜ አላበስልም ብላ ምድጃዋን አንስታ የንባብ ክፍሉ ውስጥ ተከለችው። መጽሐፎቹ ሽንኩርት ሽንኩርት ሲሸቱ ደሙ ፈላ። አለማወቋን በምስክር ፊት ሊያሳያት የሰፈሩን በያጅ አስጠራ። በያጁ ድሮ በሳይንስ የጣለው ተማሪው ነበር።

በያጁ የታንከሩን አራተኛ እግር በመዶሻ ቀስ አድርጎ ነካው። መዶሻው ደረቅ ዳቦ የመታ ይመስል ገብቶ ቀረ። ቀዳዳው ቀይ ዱቄት አፈሰሰ። በያጁ ቶሎ ብሎ የታንከሩን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ለቀቀና ዞሮ አየው።

«ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የቆመው ቀለሙ ነው» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ኦክሳይድ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ማስተማር ጀመረ፤ ቀለም መቀባት አካላዊ ለውጥ ነው፣ ከሥሩ የጀመረውን ኬሚካዊ ለውጥ አያቆመውም፣ እንዲያውም ዝገት ካልተፋቀ ውስጥ ውስጡን ይበላል። በያጁም እንደ ድሮው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ።

ሚስቱ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ያን ታንከር ከራሷ በላይ አድርጋ ሦስት ዓመት ሙሉ ያበሰለችው እሷ ናት።

«ይሄን ሁሉ እያወቅክ ነው እዚያ ሥር ያቆምከኝ?» አለችው።

አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም ነበር» ማለት አማረው፤ ነገር ግን ተማሪው አጠገቡ ቆሟል።