ጋሽ ሰይድ ያልሸጡት ሬድዮ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ስንት ጊዜ ልናገር ጀምሬ ስለ ጾም አውርቼ ተመለስኩ። አንተ አንባቢዬ ስማኝ፤ ግን እባክህ "ዘመኑ ነው" ብለህ እንዳታጽናናኝ። የዋሸው ዘመኑ አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።

በደርግ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከሚስቴና ከእናቷ ጋር እንኖር ነበር፤ እኔ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ለቤታችን ሬድዮ አማረን። ፒያሳ ላይ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው የሬድዮ ሱቅ ነበራቸው። የእርሳቸው ነገር ደግሞ ያታክታል! ሬድዮ ዝም ብለው አይሸጡም። የጀርባውን ክዳን ፈትተው ሆዱን ያሳያሉ፣ ባትሪ ይከታሉ፣ ጣቢያ ፈልገው ያስጮኹታል፤ "እስቲ ዓይንህን ጨፍንና ስማው" ይላሉ። ገዢው ከወደደው ስሙን በትንሽ ወረቀት ላይ ይጽፉና "ሰምቶ፣ አይቶ፣ ወሰደ" ብለው ያስፈርሙታል፤ ወረቀቱን ከክዳኑ ውስጥ ይለጥፉታል። ሲበላሽ ያንን አይተው ያለ ክርክር ይጠግናሉ።

እኔስ ምን አደረግኩ? አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ ባንኮኒያቸውን ተደግፌ ያለውን ሬድዮ ሁሉ አስከፈትኩ። የቱ እንደሚበረታ፣ የቱ ቶሎ እንደሚያረጅ ከእርሳቸው ተማርኩ። ሻይ አስመጥተው አጠጡኝ። ምርጡን ከለየሁ በኋላ "ነገ እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ። በነጋው ቅዳሜ፣ ያንኑ ዓይነት ሬድዮ ከአንድ የኮንትሮባንድ ነጋዴ በርካሽ፣ ደረጃ ሥር ቆሜ፣ እንደታሸገ ገዛሁ። "ካርቶኑን እዚህ አትክፈት፣ ሰው ያየናል" አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳስከፍት የከረምኩት ሰውዬ እሺ አልኩ! በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

ቤት ሲከፈት ሬድዮው ትንፍሽ አላለም። ሲነቀንቁት ውስጡ ይንኳኳል። አማቴ እማማ በላይነሽ "ከማን ነው የገዛኸው?" አሉኝ። እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ስድባቸውን መስማት ነው፣ በቃ። እኔ ግን "ከጋሽ ሰይድ" አልኩ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ ሻይ ያጠጡኝን ሰው ነከስኩ።

አማቴ ነገር የሚያሳድሩ ሴት አልነበሩም። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሬድዮውን ታቅፈው፣ እኔን አስከትለው ወዲያው ፒያሳ ወጡ። ሱቁን ገዢ ሞልቶታል፤ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ አብዮት ጠባቂም ባትሪ ሊገዛ ቆሟል።

"አንተ ሰይድ! ለልጄ ባል የሞተ ሬድዮ ትሸጥለታለህ? ፈጣሪህን አትፈራም?"

ጋሽ ሰይድ ክዳኑን ፈቱ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የጡብ ስባሪ ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ወረቀት ግን የለም። ወረቀቱ ከሌለ የእርሳቸው ሬድዮ እንዳልሆነ እርሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ አብዮት ጠባቂውን አዩት። "እኔ አልሸጥኩም" ቢሉ ቀጥሎ የሚመጣው "ታዲያ ከየት አመጣው?" ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ በኮንትሮባንድ የተያዘ ሰው በቀላሉ ቤቱ አይመለስም። ይህን እርሳቸው ለእኔ አሰቡልኝ። እኔ ለእርሳቸው አንድ ቃል መናገር አቃተኝ። ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ!

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ። አፉ ይበሉኝ" አሉ።

ያንን የመረጥኩትን ሬድዮ ከመደርደሪያው አወረዱ። እንደ ልማዳቸው ከፈቱት፣ አስጮኹት፣ ወረቀቱን ጽፈው አስፈረሙኝ፣ ለጥፈው አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ ሰጡኝ። እኔም ብዕሩን ተቀብዬ ፈረምኩ።

አማቴ ለእድሩ ነገሩ፣ እድሩ ለሰፈሩ። የአራዳ ልጅ ደግሞ ለተረብ ማን ብሎት! "ቤት መሥራት ያማረው፣ ሰይድ ጋ ይሂድ" ተባለ። እኔም ሲሳቅ አብሬ ሳቅሁ። ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ፤ ጋሽ ሰይድ ወደ አገራቸው ገቡ፤ እዚያው ማረፋቸውን ቆይቼ ሰማሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ አብዮት ጠባቂው ከሄደ ስንት ዘመኑ? ደርግ ወደቀ፣ አማቴም አለፉ፤ ያኔስ ማን አፌን ያዘኝ?

ዛሬ ልጆቼ "አባዬ፣ ዕቃ እኮ በስልክ ይታዘዛል" ይሉኛል። እኔ ሱቅ ሄጄ፣ አስከፍቼ፣ ሰምቼ ካልሆነ አልገዛም። ይስቁብኛል። ሻጩም ይሰለቸኛል።

ይቅር በለኝ አልልህም። የበደልኩት አንተን አይደለም፤ ይቅር የሚሉኝም አፈር ውስጥ ናቸው። ሬድዮው ግን ዛሬም ይሠራል። ባለፈው አቧራውን ልጠርግ ክዳኑን ፈታሁት። ወረቀቱ አልተላቀቀም። "ታደሰ። ሰምቶ፣ አይቶ፣ ወሰደ" ይላል በጋሽ ሰይድ እጅ። ፊርማው የእኔ ነው።