የአልዩ አምባው ሰማያዊ ቀሚስ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ሰማያዊ ቀለም ፍለጋ ነው። ለደብራችን የምሥለው የእመቤታችን ሥዕል ካባው ብቻ ቀርቶታል። ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት፣ ቀዩን ከመንገድ አፈር አወጣለሁ፤ ሰማያዊው ግን ከባሕር ማዶ መጥቶ አልዩ አምባ ገበያ ነው የሚገኘው። የደብሩ አለቃ፣ «ለበዓሏ ካልደረሰ ሌላ ሠዓሊ እናስመጣለን» ብለውኛል።

የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ሲቀድ በቅሎዬን ጭኜ ወጣሁ። ሜዳው ሁሉ የገብስ ማሳ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቆሎዬን እየቆረጠምሁ አመሻሽ ላይ አንኮበር ገባሁ። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከሄዱ ወዲህ ከተማዋ ጭር ብላለች። ያሳደሩኝ ባልቴት የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልኝ።

በማግስቱ

ቁልቁለቱን በቅሎዬን እየሳብሁ በእግሬ ወረድሁ። አልዩ አምባ ስደርስ የቆላው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ገበያውን በግመሎች መካከል እየተጋፋሁ አቋርጬ የቀለም ነጋዴው ደጅ ደረስሁ።

«ወላሂ፣ ቀለሙን የጫነው የግመል ቅፍለት በረሃ ላይ ዘግይቷል። ከወር በፊት አይደርስም» አለኝ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

ሚስቱ እሜት ዘሃራ ከጎኔ ሆነው ያረጀ ልብስ እየቀደዱ፣ ቁራጩን ከቁራጭ እየገጠሙ የሚያምር የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። አንደኛው ጨርቅ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት።

«እናቴ፣ ይህ ከምን የመጣ ነው?»

«ከሐረር የመጣ የሰርጌ ቀሚስ ነበር። ብብቱ ተበላ፤ ጀርባው ግን ደኅና ነው።»

«ሥዕል ላይ ብለጥፈውስ? የማርያም ካባ ይሆንልኛል።»

«መርየምን እኛም እናከብራታለን» ብለው ጀርባውን ቆርጠው ሰጡኝ። አሞሌ ባወጣ አልቀበልም አሉ። «ብቻ አሳምረህ ሥራው።»

መልስ

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቤቴ ገብቼ የበሬ ቆዳ ቀቅዬ ማጣበቂያ አወጣሁ። ጨርቁን እያጠፍሁ ስለጥፈው፣ በብሩሽ ዓመት ብደክም የማላመጣው የካባ እጥፋት በእጄ ሥር ተነሣ። ብቻዬን ሳቅሁ።

አለቃው መጥተው በጣታቸው ዳሰሱት። «ይህ ቀለም አይደለም።»

መደበቅ አልወደድሁም። «የአንዲት እስላም ሴት የሰርግ ቀሚስ ነው፤ ከአልዩ አምባ» አልሁ። ጨርቁን ንቀለው እንዳይሉኝ ፈራሁ።

እጃቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ፣ «ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

«ዘሃራ።»

«በጸሎቴ አስባቸዋለሁ» ብለው ሥዕሉን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤተ መቅደስ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ቅፍለት አልጠብቅም። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ሊጣል ወደተቀመጠው አሮጌ ጨርቅ ነው።