እስኪንጠባጠብ ሙላው

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ያ የሰፈራችን ባለሱቅ ልጅ ትዝ ይለኛል። ዛሬም ሀረም መንገድ ላይ አንድ ሚክሮባስ ታክሲ ነዳጅ ሲቀዳ ሸተተኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ያበድኩ መስሏት ራቅ አለች።

ያኔ እኔና እናቴ ፋይሰል የሚባል የዓረቦች ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ የተወልን ነገር ቢኖር የቤንዚን ላይተሩ ነው። ስንሰደድ ሱዳን በረሃ ላይ መኪናችን ተበላሽቶ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈን እሳት ያነደደልን በሱ ነው። ነፋስ አያጠፋውም። አያያዙን አባቴ አጠገቡ አስቀምጦ አስተምሮኛል፦ ክሩ ሲጠቁር ሳብ አድርገሽ ጫፉን ቁረጪ፣ እሳት የሚጭረው ድንጋይ ሲያልቅ ቀይሪ፣ ባትነኪውም ቤንዚኑ ይተናልና በየሳምንቱ ሙዪው። "ታዲያ ጥጡ ሲርስ ይበቃሻል። ካበዛሽው ኪስሽ ውስጥ ፈስሶ ቆዳሽን ይልጠዋል" ይለኝ ነበር። የራሱ ጭን ላይ ያለውን ጠባሳም አሳይቶኛል።

ከዚያ የዓረቦቹ አብዮት መጣ። ፖሊስ ከመንገድ ሲጠፋ የሰፈሩ ወጣቶች ዱላ ይዘው፣ በርሜል ውስጥ እሳት አንድደው አላፊ አግዳሚውን መፈተሽ ጀመሩ። የኛን መታጠፊያ የያዘው የባለሱቁ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሰዓት እላፊው ሳይገባ ዳቦ ገዝተን ስንመለስ ቦርሳዬን ዘረገፈው።

"ላይተር? ሕንፃ ልታቃጥሉ ነው እናንተ ሀበሾች?"

"ማሌሽ፣ ይቅርታ ልጄ፣ የሟች አባቷ ነው" አለች እናቴ። ይኸውልሽ፣ የዚያን ጎረምሳ እጅ ልትስም ጎንበስ አለች!

"ኸላስ፣ በቃ ሂጂ!" አለና ላይተሩን ኪሱ ከተተው። ጓደኞቹ አሽካኩ።

የእናቴ ጎንበስ ማለት አልወጣልኝም። በየአመሻሹ በረንዳ ላይ ሆኜ በአባቴ ላይተር በርሜሉን ሲለኩስ አየዋለሁ። ክዳኑ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። አልጮህኩም። እንደሚደርቅበት አውቅ ስለነበር ጠበቅሁ።

ደረቀ። ዝናብ እያካፋ ነበር፣ ክብሪታቸውም ርሷል። "አንቺ ሀበሻ! ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ ከታች ጠራኝ።

ወረድኩ። ከሞተር ሳይክል የቀዱትን ቤንዚን በጠርሙስ ይዟል። ላይተሩን ፈትቼ ጥጡን አሳየሁት። "እስኪንጠባጠብ ሙላው" አልኩት፤ "ከዚያ እንዲሞቅ የሱሪህ ኪስ ውስጥ ያዘው።"

"ሹክራን፣ ጎበዝ ነሽ" አለኝ። ከአፉ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ደግ ቃል ነበረች። ሆዴን አላባባችውም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እግሩን ከፍቶ እያነከሰ መጣ። "ዛሬ ገና ተገረዝክ እንዴ?" እያሉ ጓደኞቹ ተንከተከቱበት። እናቴን ወደ በረንዳው ጠርቼ ምን እንዳደረግሁ ነገርኳት። "አንቺ ሰይጣን!" ብላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ልጁ ሳቃችንን ሰምቶ ቀና አለ። ገባው። ላይተሩን አወጣና፣ ዓይን ዓይኔን እያየ በርሜሉ ውስጥ ወረወረው። እሳቱ ቦግ አለ።

ጠዋት አመዱን በእጄ በትኜ አገኘሁት። ከስሎ፣ ክዳኑ ተጣብቋል። ለልጁ ጭን ዛሬም አላዝንም። ላይተሩን ግን አሁንም በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ። እናቴ "ለማይበራ ነገር?" ትለኛለች። ጎኑ ላይ የአባቴ አውራ ጣት ስንት ዓመት አሽቶ ያጎደጎዳት ቦታ አለች፤ እሷን እሳቱ አላጠፋትም። አውራ ጣቴን እዚያ አሳርፌ ትንሽ እቆያለሁ።